«በእግርዎ ይሂዱ»፤ ግን የት?

ባለፈው ዓመት አክስቴን ለደም ግፊት ክትትል ይዣት ሄጄ ነበር። ወጣቱ ሐኪም መለኪያውን ከክንዷ ፈትቶ ቁጥሩን መዘገበና ፊቱን ቋጠር አደረገ። «እማማ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?» ትወስዳለች። «ጨው ቀንሰዋል?» ከቀነሰች ቆይታለች። «እንግዲያው የጎደለው እንቅስቃሴ ነው። በቀን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ።» አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች «የት?» አለችው። ሐኪሙ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

የምሯን እንደ ነበር የገባኝ ወደ ቤቷ ስንመለስ ነው። ሁለት ታክሲ ይዘናል፤ ሁለተኛውን ለመያዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰልፈናል። ከአስፋልቱ እስከ ሕንፃዋ ያለው መንገድ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ግማሹ የእግረኛ መንገድ የለውም፤ ባለበት በኩል ደግሞ የመብራት ምሰሶ፣ የአሸዋ ክምርና ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ ተቀምጠውበታል። ገልባጭ መኪና ባለፈ ቁጥር አክስቴ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ትቆማለች፤ አቧራው እስኪሰክን ትጠብቅና ደግሞ ትቀጥላለች። በዚህ መንገድ ላይ ነው እንግዲህ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተንሸራሸሪ የተባለችው።

አክስቴ ከ40 ዓመት በላይ የኖረችው ካዛንቺስ ነው። ማለዳ ኪዳን ለማድረስ ወደ ኡራኤል ትሄዳለች፤ ስትመለስ ዳቦ ትገዛለች፤ ረፋድ ላይ ጉሊት ትወርዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ፣ ዕድር፣ ወይም የወለደች ጎረቤት መጠየቅ አለ። ማንም «እንቅስቃሴ አድርጊ» ብሏት አያውቅም። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ የደረሳት ቤት በከተማዋ ዳርቻ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የሁለት ታክሲ መንገድ ሆነ። ዕድሩ ተበተነ። ጉሊት የለም፤ ሽንኩርት በመኪና ጭነው የሚያዞሩ ልጆች በድምፅ ማጉያ ሲጣሩ ከበረንዳ ላይ ሆና ትገዛለች። ቀኑ የሚያልፈው ተቀምጣ ነው።

ይህን ስል የቀበሌ ቤቷን ገነት ማስመሰሌ አይደለም። ጣሪያው ያፈስ ነበር። መጸዳጃ ቤቱን ስድስት አባወራ ይጋራው ነበር፤ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲሱ ቤቷ የራሱ መጸዳጃና በፈረቃም ቢሆን የቧንቧ ውኃ አለው። ከተቅማጥና ከታይፎይድ አንጻር ኑሮዋ ተሻሽሏል። ግፊቱም ቢሆን ከመዛወሯ በፊት ነበረባት፤ መዛወሯ አመጣው ብዬ አልምልም። ድሮ ግን መድኃኒቱን እግሯ ያግዘው ነበር። አሁን መድኃኒቱ ብቻውን ቀርቷል።

የከተማ ፕላን የሚነድፍ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የመድኃኒት ማዘዣ እየጻፈ ነው። መኖሪያውን የት፣ ሥራውን የት፣ አስፋልቱን በምን ስፋት፣ ፌርማታውን በምን ርቀት እንደሚያደርግ ሲወስን ማን እንደሚራመድ፣ ማን ቀኑን ተቀምጦ እንደሚውል፣ ማን ጭስ እንደሚተነፍስና ማን እንደሚገጭ አብሮ ይወስናል። እኛ ዘንድ ማዘዣው የሚጻፈው በሽተኛው ሳይታይ ነው። መንገዱን መሐንዲስ ይነድፈዋል፤ ከዓመታት በኋላ ሐኪሙ «በእግርዎ ይሂዱ» ይላል፤ ሁለቱ ሰዎች ተገናኝተው አያውቁም።

የሚገርመው አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው ለሰውነት ምቾት ተብሎ መሆኑ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውኃ ሲታጠቡ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ቤት ተሠራበት፤ ስሙንም እሳቸው አወጡለት። ከ50 ዓመት በኋላ የመጣው ጣልያን ደግሞ የራሱ ፕላን ነበረው፤ አውሮፓዊውና አገሬው ተለያይተው እንዲኖሩ ከተማዋን ከፈለና ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ገፋው። ዛሬ መርካቶ የምንለው የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው። ካዛንቺስም ስሙን የወረሰው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ የጣልያን ድርጅት ነው። አክስቴ ዕድሜዋን የፈጀችበት ሰፈር ስሙ ጭምር ፕላን የወለደው ነው፤ ያፈረሰውም ሌላ ፕላን።

የከተማዋ የትራንስፖርት ጥናቶች እንደሚያሳዩት በአዲስ አበባ ከሚደረጉ ጉዞዎች 54 በመቶ ያህሉ በእግር፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ 15 በመቶው ብቻ በግል መኪና ናቸው። በሌላው ዓለም ከንቲባዎች እዚህ ቁጥር ለመድረስ ቢሊዮኖች ያፈስሳሉ። እኛ ሳንለፋ፣ በድህነት አግኝተነዋል። ለዚህ ይመስለኛል እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ ነውር የምንቆጥረው፤ አንድ ቀን ሁሉም መኪና ሲኖረው የሚጠፋ ጊዜያዊ ችግር አድርገን የምናየው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ በእግሩ ለሥራ የሚመላለስ ሰው ይህን በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። በኢትዮጵያ ከሚሞተው ሰው ወደ 40 በመቶ የሚጠጋውን የሚገድሉት እንደ ልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ካንሰርና ስኳር ያሉ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መሆናቸውን ስናስብ፣ የዚህ ሰው እግር ለጤና በጀቱ ምን ያህል ውለታ እንደሚውል መገመት አይከብድም። በምላሹ ከተማዋ የምትሰጠው ቦይ ዳር መሄድን ነው። እግሩ ይበረታል፤ ሳንባው ናፍጣ ይስባል፤ ጆሮው ከኋላ የሚመጣ መኪና ሲያዳምጥ ይውላል። አቅም ያለን ደግሞ በመኪና ወደ ጂም ሄደን፣ ለማቆሚያ ከፍለን፣ ማሽን ላይ ወጥተን ባለንበት እንሮጣለን።

በ1990ዎቹ የተሠራውን ቀለበት መንገድ አስታውሱ። መኪና ሳይቆም ከተማዋን እንዲዞር የታሰበ ነበር፤ ለዚያ ዓላማው ጥሩ ሠርቷል። በሁለቱ ዳርቻ ለሚኖሩት ግን መንገዱ ግንብ ሆነባቸው። ትናንት አቋርጠው ዱቄት ያስፈጩበት ወፍጮ ቤት፣ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ በማዶ ቀረ። ማቋረጫው የብረት ድልድይ ነው፤ የድልድዩ ደረጃ ደግሞ ለእርጉዝ፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ ጀርባዋ ላይ እንጨት ለተሸከመች ሴት፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንት የታሰበ አይደለም። ሰው አጥር ዘልሎ ሲገጭ «እግረኞቻችን ሥርዓት የላቸውም» እንላለን። እኔ ግን ጥያቄው ያለው ከዚያ በፊት ይመስለኛል፤ ጎማና ሞተር ያለው ፍሬን እንዳይዝ ሲባል እግር ብቻ ያለው ፎቅ ይውጣ ብሎ የወሰነው ማን ነው?

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ይህንኑ ደገመው። 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው የቻይና ብድር። ሐሳቡን ደግፌ ነበር፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ፤ ያለ ጭስ ብዙ ሰው የሚያጓጉዝ ነገር ለከተማ መድኃኒት ነው። ከመገናኛ ወደ አያት ስትሄዱ ግን ሐዲዱ በአብዛኛው መሬት ላይ በአጥር ተከልሎ ሰፈሩን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ ማቋረጫዎቹም ተራርቀዋል። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው ሲከርሙ አጥሩ ግን አንድም ቀን ሥራ አላቆመም።

በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ በዓመት 400 ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ሰው ይሞታል። ከአሥሩ ስምንት ያህሉ እግረኞች ናቸው። ይህን ያህል ሰው በየዓመቱ በኮሌራ ቢያልቅ ግብረ ኃይል ተቋቁሞ ጉድጓዱ በኖራ ይደፈን ነበር። በመኪና ሲሆን «የትራፊክ አደጋ» ብለን ከስፖርቱ ዜና በፊት በሬዲዮ ሰምተን እናልፈዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመኪኖች አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ገዳይ አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ፍጥነት የሾፌሩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ቅርጽ ጉዳይም ነው፤ ሰፊና ለስላሳ መንገድ የረጋውን ሾፌር ሳይቀር ያስሮጠዋል። መፍትሔው የግድ ውድ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪና የሚታጠፍበትን ጥግ በቀለምና በማገጃ አጥብበው፣ ለእግረኛ መቆሚያ ቦታ ጨምረው መኪኖቹ ቀስ እንዲሉ አድርገዋል። ቀለም ነው! የአንድ ማሳለጫ ድልድይ በጀት ስንት መስቀለኛ መንገድ እንደሚቀባ ማስላቱን ለሒሳብ መምህራን እተወዋለሁ።

ጭሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ያረጀ ሞተርም እንደኛው አየር ያጥረዋል፤ ነዳጁን አቃጥሎ ስለማይጨርስ ጥቁር ጭስ ይተፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከእንጦጦ ግርጌ ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይደፋበታል፤ ጭሱ መውጫ ያጣል። ሠራተኛውና ተማሪው ታክሲ ሊጠብቅ የሚሰለፈው በዚሁ ሰዓት ነው። የእናቱን እጅ ይዞ የቆመ የአምስት ዓመት ልጅ አፍንጫው ከጭስ ማውጫው ብዙም ከፍ አይልም። በመኪናው ውስጥ መስኮት ዘግቶ የሚያልፈው ሰው ጭሱን ያመነጫል፤ ተሰላፊው ይስበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የአዲስ አበባ አየር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ደም ይገባል፤ የደም ሥርን ያቆጣል፤ ግፊትንም ይጨምራል። አክስቴን የሰልፉ መቆም ብቻ ሳይሆን የሰልፉ አየርም ይጎዳታል ማለት ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ለጭሱ በጎ ዜና ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ሲገጭ ይገድላል። ቦታም ይይዛል፤ መንገድም ይዘጋል። ተሰላፊው የሚሳፈርበት አሮጌ ሚኒባስም እስካሁን ያው ነው።

ስለ ርቀት የሚነገረው ከሁሉም ያነሰ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ ሰው ቤት አግኝቶበታል። መሬቱ የተገኘው ግን ዳርቻ ላይ ነው፤ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ቤቱ ወጣ፤ ሥራው መሀል ከተማ ቀረ። አንዲት የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ትገባለች። ልጆቿ ሲነሡ የለችም፤ ስትመለስ ተኝተዋል። ቁርስ መንገድ ላይ የተገዛ ብስኩት ወይም ፓስቲ ነው። እንቅልፏ አምስት ሰዓት ቢሞላ ነው። በዚህ ሁኔታ አሥር ዓመት የኖረ ሰው ስኳርና ግፊት ሲይዘው «ምን በልተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። ከተማው በልቶት ነው።

ኮሪደር ልማቱን ሳልጠቅስ ብቀር ሐቀኛ አልሆንም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች በዕድሜዬ በዚህች ከተማ ያላየኋቸው ናቸው። በምሽት ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሬ ስወርድ መብራት አለ፤ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እግሬ ጉድጓድ አይፈራም። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ወጥተው አያለሁ። ይህን አልነፍግም። ደስታዬን የሚያደበዝዘው እዚያ ጎዳና ላይ ማለዳ ማለዳ ይራመዱ የነበሩት የሰፈሩ ሰዎች፣ እነ አክስቴ፣ የእግረኛ መንገድ ወደሌለበት ቦታ መዛወራቸው ነው። መራመጃው ተሠራ፤ ተራማጁ ተነሣ።

የብስክሌት መስመሩም እንዲሁ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይውላል። ብስክሌት ውድ ነው፤ ዳገቱም ይከብዳል፤ መስመሩም ድንገት አልቆ ጋላቢውን ከመኪና ጋር ይቀላቅለዋል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት ይነዳ የነበረው መሬቱ ሜዳ፣ መንገዱ ዝግ ያለ ስለነበረ ነው፤ ባጃጅ ሲበዛ ብስክሌቱ ወደ ዳር ተገፋ። ቀለም የተቀባ መስመር ያለ ጋላቢ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ጋላቢ ደግሞ የሚመጣው ልጁን ልኮ የማይሰጋ ወላጅ ሲኖር ነው።

«ድሃ አገር ነን፤ መጀመሪያ አስፋልት፣ ምቾት ቀስ ብሎ ይደርሳል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ኔዘርላንድስን ያነሡልኛል፤ ሀብታም ስለሆኑ ነው ብስክሌት የሚነዱት ይላሉ። ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. በዚያች ትንሽ አገር በመኪና አደጋ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናቱን ግድያ አቁሙ» ብለው ጎዳና ላይ ወጡ፤ መንገድ ዘጉ፤ ከተሞቻቸውን እንደገና አሠሩ። ሀብት ብቻውን አልሠራውም፤ ሀብቱ በነበረበት ዘመን ነው ልጆቹ ያለቁት። ኮሎምቢያም ሀብታም አይደለችም፤ ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየእሑዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ጎዳና ለእግረኛና ለብስክሌት ትለቃለች። እኛም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብለን በወሩ የመጨረሻ እሑድ ጎዳና መዝጋት ጀምረን ነበር። አስፋልት ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ያየሁባት የመጀመሪያ ቀን አትረሳኝም። ያኔም ቢሆን ሐሳቤ የነበረው የቀሪዎቹ ቀናት ስም ምን ሊሆን ነው የሚለው ነበር።

የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ መሬት ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይመድባል። ቀመሩ ያምራል። ግን መንገድ የተባለው 30 በመቶ ውስጥ የአክስቴ ድርሻ ስንት ነው? ከሚጓዘው ሰው ግማሽ በላዩ እግረኛ ከሆነ ከመንገዱ መሬት ለእግሩ የሚደርሰው ስንት ካሬ ሜትር ነው? አረንጓዴው 30 በመቶስ ከቤቷ ደጃፍ በስንት ደቂቃ ይደረስበታል፤ መግቢያው በገንዘብ ነው ወይስ በነጻ? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው ፕላኑ ሲጸድቅ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት። ያ ሰው ከጤና ቢሮ የመጣ ቢሆን፣ ሲያስፈልግም «ይህን አልፈርምም» የማለት ሥልጣን ቢኖረው እመርጣለሁ። ዛሬ አንድ መኖሪያ መንደር ለነዋሪ የሚተላለፈው ግድግዳው ሲያልቅ ነው፤ ፌርማታው፣ የእግረኛ መንገዱ፣ ጤና ጣቢያውና ጉሊቱ ሳይደርሱ ቁልፍ እንዳይሰጥ ማድረግ ግን አዲስ ቴክኖሎጂ የሚፈልግ ነገር አይደለም።

በየግንባታው ዳር የሚቆመውን የፕሮጀክት ሰሌዳ ታውቁታላችሁ። አሠሪው፣ ተቋራጩ፣ አማካሪው፣ የመንገዱ ርዝመትና ስፋት፣ ወጪው በብር ተጽፎበታል። አንድ መስመር ቢጨመርበት እወዳለሁ፤ ከዘራ የያዙ አዛውንት ይህን መንገድ በስንት ሰከንድ ያቋርጡታል፣ ለማቋረጥስ ስንት ሜትር ይሄዳሉ የሚል።

የአክስቴ ቀጠሮ በመጪው ወር ነው። ሰሞኑን ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ሆና ማለዳ ማለዳ ሕንፃውን መዞር ጀምራለች፤ የመኪና ማቆሚያውን አቋርጠው፣ ልብስ የሚሰጣበትን ሜዳ አልፈው፣ ኮብልስቶኑ እስከሚያልቅበት ድረስ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ገልባጭ መኪናዎቹ አሉ። ይመለሳሉ። አንድ ዙር ስድስት ደቂቃ ይፈጃል አለችኝ፤ አምስት ጊዜ ከዞሩ ሠላሳ ይሞላል፤ እስካሁን ግን ከሦስት በላይ ዞረው አያውቁም፣ አንደኛዋን ጉልበቷን ያማታል።